ያለ ስሙ የቀረ ቁጥር

ስድስት መቶ አርባ።

ጥር ላይ በተካሄደው የግማሽ ዓመት አፈጻጸም ግምገማ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ይህን ቁጥር ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረ። ቁጥሩ ስህተት ነበር። ስህተቱ የእሱ መስሎ ታለፈ፤ የማን እንደነበረ ግን እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፣ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ሌሊት ስነቃ ያ ቁጥር ጆሮዬ ላይ ይደውላል።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ባጭሩ ሠንጠረዥ ነው። ከየወረዳው የሚመጣውን ቁጥር ሰብስቤ፣ አጣርቼ፣ በረድፍና በዓምድ አሰልፌ አቀርባለሁ። የዘንድሮው ዋና ሠንጠረዥ የአጭር ጊዜ የሙያ ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶችን የሚመለከት ነበር። ወደ ታች አሥራ ሁለት ወረዳዎች፣ ወደ ጎን አራት ሩብ ዓመታት፤ በየሩብ ዓመቱ ሥር ዕቅድ፣ ክንውንና በመቶ፤ በዕቅድና በክንውን ሥር ደግሞ «ወ»፣ «ሴ»፣ «ድ»። ወንድ፣ ሴት፣ ድምር ለማለት ነው። መግቢያው ላይ ተራ ቁጥርና የወረዳ ስም፣ መጨረሻው ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ። በጠቅላላው 31 ዓምድ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነቱን ሠንጠረዥ ያውቀዋል። እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር።

ወጣቱ ወደ ክፍላችን የተመደበው መስከረም ላይ ነው። ዓይነ ስውር ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው በጆሮው ነው፤ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ማያ ገጹ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በፍላሽ ጭኖ በሸሚዙ ኪስ ይዞ ይመጣል። ያገኘው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሥራውን ይጀምራል። ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት ሲሆን፣ እንደ እሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጓደኛው ጄምስ ቴህ ተቀላቅሎታል። ያነሣሣቸው ገበያ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ዋጋቸው የማይቀመስ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። መስከረም ላይ የማውቀው ጎበዝ ሠራተኛ እንደመጣልን ብቻ ነበር።

ኤን ሰባት

የክፍላችንን ሪፖርት እንዲያቀርብ የተመረጠው እሱ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ሠንጠረዡን ሰጠሁት። እሱም ሁለት ምሽት ሙሉ ሴል በሴል (ሴል የሚባለው የሠንጠረዡ እያንዳንዱ ሣጥን ነው) እያዳመጠ፣ የትኛው ዓምድ ምን እንደሚል በብሬል መጻፊያ ሰሌዳውና መውጊያው ወረቀት ላይ በብሬል ጻፈ። የሠንጠረዥ መሥሪያው ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ ዓምዶቹን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ረድፎቹን በቁጥር ነው የሚጠራቸው። ሲ፣ የአንደኛ ሩብ ዓመት ዕቅድ፣ ወንድ። ዲ፣ የአንደኛ ሩብ ዓመት ዕቅድ፣ ሴት። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ኤን፣ የሁለተኛ ሩብ ዓመት ክንውን፣ ሴት። ይህን ሁሉ የለፋው ስክሪን ሪደሩ የእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩንና የሴሉን አድራሻ እንጂ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ስለማይነግረው ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እንዴት እንደሚያነበው አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ያልጠየቅሁት እኔ፣ የቀረበት እሱ ሆነ።

የግምገማው ዕለት ጠዋት ኃላፊያችን የአምናው ክንውን ለንጽጽር እንዲገባ አዘዙ። ከወረዳ ስም ቀጥሎ ሦስት ዓምዶች ጨመርኩ። አሥር ደቂቃ ያልፈጀ ሥራ ነው። አዲሱን ፋይል ለእሱም ሰጠሁትና «የአምናውን ጨምሬበታለሁ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። የት ላይ እንደጨመርኩ አልነገርኩትም፤ መንገር እንዳለብኝም አልታሰበኝም።

በስብሰባው መካከል በሦስተኛው ወረዳ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ስንት ሴቶች እንደሠለጠኑ ተጠየቀ። ግራ እጁ የብሬሉን ወረቀት ዳሰሰ፣ ቀኝ እጁ የቀስት ቁልፎቹን ተጫነ፣ በአንድ ጆሮው የሰካው ማዳመጫ ነገረው። ኤን ሰባት። «ስድስት መቶ አርባ» አለ።

«640 እኮ ዕቅዱ ነው! ክንውኑ 412 ነው!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፤ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የተዘረጋውን እያየ። ሳቅ ተሰማ። በክፋት የተሳቀ አልነበረም፤ ረጅም ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ለመተንፈስ የሚስቀው ዓይነት ነው። ሰብሳቢው «ይታረም» ብለው አለፉ። እሱ ግን እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ጠቋሚ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አየሁ። በትክክል የጻፈውን በትክክል እያነበበ፣ የት ላይ እንደሳተ ይፈልግ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ገባኝ። የጨመርኳቸው ሦስት ዓምዶች ሁሉንም ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ገፍተውታል። ኤን ላይ አሁን ያለው ትናንት ኬ ላይ የነበረው የሴቶች ዕቅድ ነው። እጄን አንስቼ «ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስብሰባው ቀጠለ፣ ሻይ መጣ፣ ሰው ተበተነ።

መስኮቱን እያዩ ያዳምጡ

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እኔ ደግሞ ብሬሉን ስጽፍ የተሳሳትኩ መስሎኝ ማታ እንደገና ልሠራው ነበር» አለኝ። ሌላ ወቀሳ አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ቀጥሎ «ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላሰማዎት» አለና ማዳመጫውን ከላፕቶፑ ነቀለ። መጀመሪያ እሱ በለመደው ፍጥነት አሰማኝ፤ ለእኔ ጆሮ ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ቆሎ ነበር። ከዚያ አዘገመልኝ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ እንዳዞር ጠየቀኝ። «ማያ ገጹን አይዩ። መስኮቱን እያዩ ያዳምጡ። እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ እርስዎ የምን ቁጥር እንደሆነ ይንገሩኝ።»

በመስኮቱ የታቦር ተራራ ይታያል። ከሥር ባጃጆች ይተረማመሳሉ። ከኋላዬ ያ ስሜት የሌለው ድምፅ ጀመረ።

«ስድስት መቶ አርባ፣ ኤን ሰባት።»

ይህችንማ አውቄያት ነበር። «የሁለተኛ ሩብ ዓመት ዕቅድ፣ ሴት» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ፣ ኦ ሰባት።» ድምር መሆን አለበት። «አምስት መቶ አንድ፣ ፒ ሰባት።» ክንውን፣ ወንድ። «አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ኪው ሰባት።» ሴት። እሱ ግን ወደ ቀኝ መሄዱን ትቶ ወደ ታች ወረደ፣ ሁለት ሦስት ሴል ወደ ግራ ሄደ፣ እንደገና ወጣ። ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ቁጥር ላይ ቆመና «ይህስ?» አለ።

አላወቅሁም። ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ቁጥር በእጄ አስገብቼዋለሁ። ግን የየትኛው ወረዳ፣ የየትኛው ሩብ ዓመት፣ ዕቅድ ይሁን ክንውን መናገር አቃተኝ። «እስኪ ወደ ላይ ውጣልኝ፣ ርዕሱን ልስማ» አልኩት። ቁልፉን ተጫነ። ቁጥር። ተጫነ። ሌላ ቁጥር። ተጫነ። «ድ»። ይህ ብቻ ነው የሰማሁት፤ አንድ ፊደል። ተጫነ። «ዕቅድ፣ ኤም ሦስት እስከ ኦ ሦስት።» ተጫነ። «ሁለተኛ ሩብ ዓመት፣ ኤም ሁለት እስከ ኤስ ሁለት።» አምስት ጊዜ ወደ ላይ፣ አምስት ጊዜ ወደ ታች። ታች ስንደርስ የተነሣንበትን ቁጥር ራሱን ረስቼው ነበር። የወረዳውን ስም ለማወቅ ደግሞ ገና ወደ ግራ አሥራ ሦስት እርምጃ ይቀረናል።

«ይህ ለአንድ ቁጥር ነው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም። በኋላ ቆጠርኩት። ሠንጠረዡ ከጠቅላላ ድምሩ ረድፍ ጋር ለቁጥር ብቻ 403 ሴል አለው።

ወንበሬን መልሼ አዞርኩ። ማያ ገጹን አየሁት። ያ ሁሉ ነገር እዚያው ነበር፤ በአንድ አፍታ፣ ያለ ምንም ድካም፣ ዓይኔ ወደ ላይ ወጥታ ወደ ግራ ሄዳ ተመለሰች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጉዞ የምትሄደው ዓይኔ እንደሆነች አላውቅም ነበር። ሠንጠረዡ ራሱ የሚነግረኝ ይመስለኝ ነበር። ሠንጠረዡ ግን ምንም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ተዘርግቷል። «ሁለተኛ ሩብ ዓመት» የሚለውን ጽሑፍ ሰባት ዓምድ ላይ የዘረጋሁት ሴሎቹን አዋህጄ ነው። ለሚያይ ሰው ይህ ጣራ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሰባቱ ቤተሰብ መሆናቸውን ያያል። ለፕሮግራሙ ግን ጣራና ቤተሰብ የለም። አንድ ሰፊ ሴል አለ፣ ከሥሩ ሌሎች ሴሎች አሉ፣ ዝምድናቸውን የነገረው ሰው የለም።

ተጣጥፎ የተቀመጠ ዓረፍተ ነገር

ያን ዕለት ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውኃው ዳር መቀመጥ እወዳለሁ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተኮራምተው ቆመዋል። እኔ ደግሞ ወጣቱ አንድ ጊዜ የነገረኝን ነገር እያሰላሰልኩ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ይመስለኛል፣ የአማርኛው የኮምፒውተር ድምፅ እንዴት እንደሚያነብለት ሲያጫውተኝ «ገና» የሚለውን ቃል አንሥቶ ነበር። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። በዓሉም «ገና» ነው፣ ያልደረሰውም «ገና» ነው፤ «አለ» ስንል የተናገረም በቦታው የሚገኝም ይሆናል። ማሽኑ ቃሉን እንደመጣለት ይለዋል፤ እሱ ግን ግድ የለውም፣ ዓረፍተ ነገሩ ይነግረዋል። «ከፊቱና ከኋላው ያሉት ቃላት ያስታርቁታል» ነበር ያለኝ።

ሐይቁ ዳር ተቀምጬ የገባኝ ይህ ነው። 412 ከፊቱም ከኋላውም ቃል የለውም። ሊያስታርቀው የሚችለው ርዕሱ ብቻ ነው። «በሦስተኛው ወረዳ፣ በሁለተኛው ሩብ ዓመት፣ ሥልጠና የወሰዱ ሴቶች 412 ናቸው።» ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ተጣጥፎ የተቀመጠ። እኔ በዓይኔ እዘረጋዋለሁ። እሱ እንዲዘረጋው ግን የታጠፈበት ቦታ ላይ ምልክት ሊኖር ይገባል። ያን ምልክት የሚያኖረው ደግሞ ሠንጠረዡን የሠራው ሰው ነው፤ ሌላ ማንም ሊያኖረው አይችልም። ማሽኑ ቢገምት ይሳሳታል፣ ሰውየው ቢገምት ስብሰባ ላይ ይሳቅበታል።

በማግሥቱ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ከእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቁጥር እየመረጥኩ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ለእሱ ብዬ ነበር የጀመርኩት። «በመቶ» የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። 69። 69 በመቶ የምን? የሩብ ዓመቱ ዕቅድ ነው የዓመቱ? ልቤ የሩብ ዓመቱ ነው ይለኛል፤ 913ን ለ1,320 ሲያካፍሉት ልክ ይመጣል። ሌሎቹን ወረዳዎች ግን አንድ በአንድ ሳሰላ ሁለቱ አልገጠሙም። ስልክ ደወልኩ። እነዚያ ሁለት ወረዳዎች ከዓመቱ ዕቅድ ጋር እያነጻጸሩ ነበር የሚልኩት፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እነሱም አላስታወሱም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ዓምድ ውስጥ አብሬ አሰልፌ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» እያልኩ በቀይ ቀለም ሳሰምርባቸው ኖሬያለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። አንድ ዓይነ ስውር ባልደረባዬ ሊያነበው ያልቻለውን ሠንጠረዥ፣ እኔም ሳላነበው አሥራ አራት ዓመት እንዳለፍኩት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አየሁት እንጂ አላነበብኩትም።

ሠንጠረዡን አይቀሙኝ

የመጀመሪያ ሐሳቤ መልካም መስሎኝ ነበር። «ለአንተ ሠንጠረዡን ትቼ ዋና ዋናውን በጽሑፍ አዘጋጅልሃለሁ» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። በአክብሮት፣ ግን ጥርት አድርጎ «ጋሼ፣ ሠንጠረዡን አይቀሙኝ» አለኝ። «በጽሑፍ ከሰጡኝ እርስዎ ዋና ያሉትን ነው የማነበው። እኔም ባለሙያ ነኝ፤ ዋናው የቱ እንደሆነ ራሴ ልፈልግ። ወደ ታች እየወረድኩ ወረዳ ከወረዳ፣ ወደ ጎን እየሄድኩ ጊዜን ከጊዜ ላወዳድር። ሠንጠረዥ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?» ልክ ነበር። እርዳታ መስሎኝ የሰጠሁት ነገር ሥራውን ሊነጥቀው ነበር።

ስለዚህ አብረን ተቀመጥን። አንዱን ግዙፍ ሠንጠረዥ በአራት ከፈልነው፤ ለእያንዳንዱ ሩብ ዓመት አንድ ሉህ። የተዋሃዱትን ሴሎች በሙሉ ፈታን። ሦስት ፎቅ የነበረውን ርዕስ አንድ ረድፍ አደረግነው፤ «ወ»፣ «ሴ»፣ «ድ» ቀርተው «ዕቅድ፣ ሴት» እና «ክንውን፣ ሴት» ተብሎ በሙሉ ቃል ተጻፈ። «በመቶ» የነበረው «ከሩብ ዓመቱ ዕቅድ በመቶ» ሆነ። ተራ ቁጥሩን ወደ መጨረሻ ወስደን የወረዳውን ስም መጀመሪያ ላይ አመጣነው። ለዓይን ማረፊያ ብዬ የተውኳቸውን ባዶ ረድፎችም አወጣናቸው፤ ለእሱ ባዶ ረድፍ ማለት ሠንጠረዡ ያለቀ የሚመስልበት ቦታ ነው። ቀይ ቀለሙንም ብቻውን አልተውነውም፤ ከጎኑ «ዝቅተኛ» የሚል ቃል ገባ።

ከዚያ እሱ ራሱ አንድ ነገር አሳየኝ። ኤክሴል ላይ የዓምድ ርዕሶቹ መጀመሪያ ላይ ቆሞ የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከሺፍትና ከሲ ጋር ተጫነ፤ የወረዳ ስሞቹ ላይ ደግሞ ከሺፍትና ከአር ጋር። ይኸው ነው። ይህ ምልክት ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጆስ የተባለውን ሌላ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰውም ፋይሉን ሲከፍት ይሠራለታል። እንደገና ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ወደ ቀኝ ሲሄድ «ክንውን፣ ሴት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ ድምፁ። ወደ ታች ሲወርድ የቀጣዩን ወረዳ ስም ከቁጥሩ ጋር ተናገረ። የተለወጠውን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ያልተለወጠውን እየደጋገመ አያሰለችም። ታቦርን እያየሁ፣ ስለ ሦስተኛው ወረዳ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። የት እንዳለሁ አውቅ ነበር።

የድሮ ሰነዶቻችን ሌላ ጣጣ አላቸው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የእኛን ፊደል መልክ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የሚያለብሱ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተጠቅመውባቸዋል። ማያ ገጹ ላይ «ወረዳ» ተብሎ ይታያል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን ከሥር ያለውን የላቲን ኮድ ስለሚያነብ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያወጣል። እነዚህን አንድ በአንድ እየቀየርን ነው። ማኅተም ተደርጎባቸው በስካነር ፎቶ የተነሡትማ ጭራሽ ጽሑፍ የላቸውም፤ ሥዕል ናቸው።

ድረ ገጽ ላይ ለሚወጣው ሠንጠረዥ መላው ከእኔ የአገልግሎት ዘመን በላይ የቆየ መሆኑን ሳውቅ ደነገጥኩ። የገጽ መሥሪያ ቋንቋው፣ ኤችቲኤምኤል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አራተኛ እትሙ ርዕስ የሆነው ሴል የዓምድ ይሁን የረድፍ የሚገልጽበትን መንገድ አስቀምጧል። ርዕሱ ባለ ብዙ ፎቅ ከሆነም እያንዳንዱ ቁጥር ርዕሶቹ የትኞቹ እንደሆኑ በስም እንዲጠቅስ ማድረግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ደግሞ ለዓይን የሚታየው ዝምድና ለፕሮግራምም እንዲነገር የሚጠይቀውን ነጥብ ከመጀመሪያው፣ ማለትም ከዝቅተኛው ደረጃ ነው የመደበው። ከፍ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው። መነሻ ነው። የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራውን መሣሪያና አካባቢ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሠንጠረዥ የዕቅድ ባለሙያ መሣሪያ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ኃላፊያችን መጀመሪያ አልተደሰቱም። አራት ሉህ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አያምርም፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ማየት ለምደናል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለሚያይ ሰው አንዱ ትልቅ ገጽ ይመቻል። አሁን የምጀምረው ከተራው ሠንጠረዥ ነው፤ መጀመሪያ ያልተዋሃደውን፣ በሙሉ ቃል የተጻፈውን ሠንጠረዥ አዘጋጃለሁ፣ የሚታተመውን ያማረ ገጽ ከእሱ አወጣለሁ። ድሮ የማደርገው በተቃራኒው ነበር፤ ያማረውን ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ልፈታው ስል ሁሉ ነገር ይበታተናል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አንድ ሌላ ዕዳም ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት በክፍላችን ስብሰባ ላይ የዚያን ቀን ስህተት የእኔ መሆኑን፣ እንዴት እንደሆነም ጭምር ተናገርኩ። የሳቁት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ከሌላ ክፍል ነበሩ፤ አልሰሙኝም። ይህ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ሦስተኛው ሩብ ዓመት

ሚያዝያ ላይ የሦስተኛው ሩብ ዓመት ቁጥር መምጣት ጀመረ። ከወረዳዎቹ ሰባቱ በአዲሱ ቅጽ ላኩ፤ አምስቱ በድሮው፣ በተዋሃዱት ሴሎች። እነሱን ማታ ማታ እየቆየሁ እፈታለሁ። አንዱ ወረዳ በአዲሱ ቅጽ ላይ ርዕሱን እንደገና አዋህዶ፣ በአረንጓዴ አስጊጦ ልኮልኛል። የላከው ልጅ ተጨንቆ እንደሠራው ያስታውቃል። ደውዬ ስነግረው «እንዲያምር ብዬ ነው» አለኝ። የእኔኑ ቃል ነው የመለሰልኝ።

ትናንት ከሰዓት ሉሁን ለወጣቱ ባልደረባዬ ሰጠሁት። ማዳመጫውን ሰክቶ ጀመረ። የብሬሉ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። እኔ በራሴ ሥራ ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ አልፎ አልፎ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ተመልሶ ወደ ግራ። ከዚያ ቆመ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ዘጠነኛው ወረዳ፣ ክንውን፣ ሴት። ባዶ ነው።»

ቀና ብዬ ማያ ገጼን አየሁ። እውነትም ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ፤ ዓይኔ ከጎኑ ካሉት ቁጥሮች ጋር አዋህዳ ዘልላዋለች።

«ባዶ ሲሆን ምን ማለት ነው?» አለኝ። «አንዲት ሴትም አልሠለጠነችም ማለት ነው፣ ወይስ ቁጥሩ አልመጣም?»

ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም። ስልኩን አንሥቼ ወደ ወረዳው ደወልኩ።